ባለቤቱ ያልታወቀ ፍላሽ

ዓባይነህ ከተቀበረ በሃያ ዘጠነኛው ቀን አቶ ሽመክት የሟቹን ዕቃ በፌስታል ይዘው መጡ። አቶ ሽመክት የሚኒባሱ ባለቤት ናቸው፤ ዓባይነህ ደግሞ በዚያች ሚኒባስ ከእንጅባራ ዳንግላ፣ ከዳንግላ እንጅባራ ዘጠኝ ዓመት የተመላለሰ ሹፌር ነበር። እናቱ እትዬ የሻረግ ፌስታሉን ጭናቸው ላይ አድርገው አንድ በአንድ አወጡ። ጃኬት። ፎጣ። ክዳኑ የተሰነጠቀ ፔርሙዝ። የመስታወት መወልወያ ጨርቅ። እጃቸው ያነሳል፣ ያስቀምጣል፤ ልባቸው ግን ምንም አይል። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እንዲሁ ናቸው። ተቀምጠውበት እንደ ደነዘዘ እግር ነው ነገሩ፤ የራስ መሆኑ ይታወቃል፣ ቢቆነጥጡት ግን አይሰማም።

መጨረሻ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሰማያዊ ፍላሽ ወጣች። ጀርባዋ ላይ ቀይ ነጥብ አለባት።

«ይችስ?»

«እሷ እንኳ...» አቶ ሽመክት በሐዘን ቤት የማይነሳ ነገር ሊያነሱ ስለሆነ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዘፈን ናት። ፈረንሳይኛ ነው አሉ። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ተሳፍሮ ሲሰማ የጃንሆይ ዘመን ዘፈን ነው፣ ያኔ የፈረንሳይ ወጣት በሙሉ ያበደበት ነው ብሎናል። ዓባይነህ ወንበር ሥር ወድቃ ነው ያገኛት፤ ዓመት ሊሞላት ነው።»

«የሰው ናት?»

«የሰው ናት እንጂ! ባለቤቷ አንድ ቀን መሳፈሩ አይቀርም፣ ድምፁን ሲሰማ የኔ ነው ይላል ብሎ ጧት ማታ እሷኑ ይከፍት ነበር። ተሳፋሪው መጀመሪያ ተቆጣ። ኋላ ለመደ። እሱማ ወደዳት መሰለኝ።»

«ቋንቋውን ሳያውቅ?»

«‹ስለማላውቀው አይዋሸኝም› ነበር የሚል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እትዬ የሻረግ ይስቁ ነበር። አሁን ግን ጆሯቸው ላይ የቀረው ‹የሰው ናት› የሚለው ብቻ ነው። ልጃቸው የሰው ንብረት በእጁ እንዳለ አፈር ገባ ማለት ነው። ለአርባው አስራ አንድ ቀን ቀርቷል። አርባው ሳይደርስ ይቺ ነገር ከቤታቸው ካልወጣች ፍታቱም ጸሎቱም ምን ሊረባ ነው? ይህን እያሰቡ ሳለ ከጎናቸው አንዲት እጅ ተዘርግታ ፍላሿን ከጭናቸው አነሳች።

የዮርዳኖስ እጅ ነበረች። ዮርዳኖስ የዓባይነህ አንድ ልጅ ናት፤ አስራ ሁለተኛ ክፍል። ገና ሳትድህ እናቷ ስላረፈች ያሳደጓት እትዬ የሻረግ ናቸው። አባቷ ከሞተ ወዲህ አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣትም። በለቅሶው ላይ አልቃሿ የአባቷን ደግነት በስሙ እየጠራች ሰውን ሁሉ ስታስነባ፣ እሷ ፍራሹ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ የድንኳኑን ገመድ ታይ ነበር። ብይ ሲሏት ትበላለች፣ ታጠቢ ሲሏት ትታጠባለች። ትምህርት ቤት ሂጂ ሲሏት «እሺ» ትልና አትሄድም። ከ«እሺ» ሌላ ቃል ከአፏ ከወጣ ወር ሊሆን ነው። እትዬ የሻረግ ስምንተኛ ክፍል የደረሱ ሰው ናቸው፤ የጤና መጽሔትም ያነባሉ። ግን ያልወጣ እንባ የት ሄዶ እንደሚጠራቀም የሚናገር መጽሔት አላገኙም። ልጃቸውን ቀብረዋል። የልጅ ልጃቸው ደግሞ ዓይናቸው እያየ እየደረቀች ነው፤ ቀን ከሌት የሚፈሩት ይህንኑ ነው።

ዮርዳኖስ ፍላሿን በትንሿ ስፒከር ላይ ሰክታ ብርድ ልብስ ውስጥ አስገባቻት። ከብርድ ልብሱ ሥር የሴት ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ ትንፋሹ የሚሰማ፣ ከትኩሳት ገና እንደተነሳች ሴት ቀስ ያለ። ቀጥሎ አንድ ሰውዬ መጣ፤ እሱ እንኳ አይዘፍንም፣ ያወራል፤ ከኋላው ሃምሳ ማሲንቆ ባንዴ የተመታ የሚመስል ድምፅ ይነሳል፣ ይወድቃል። እትዬ የሻረግ ዝጊው ሊሉ አፋቸውን ከፍተው የልጅቱን ፊት አዩ። ፊቷ አልተለወጠም። ጣቷ ግን ብርድ ልብሱን ምት እየጠበቀ ይነካካል። ወር ሙሉ ሳይታዘዝ የተንቀሳቀሰ የመጀመሪያው ነገር ያ ጣት ነበር።

አፋቸውን መልሰው ዘጉ።

በማግስቱ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ደብሪቱ ንፍሮ ይዘው ሲገቡ በሩ ላይ ቆሙ።

«አንቺ የሻረግ፣ የምን ዘፈን ነው በሐዘን ቤት?»

«ፈረንሳይኛ ነው።»

«ፈረንሳይኛ ሲሆን ዘፈን መሆኑ ይቀራል?»

«የሚለውን ካላወቅሽው ምኑን ዘፈን ታደርጊዋለሽ? እንደ ዝናብ ድምፅ ነው።»

ወይዘሮ ደብሪቱ መልስ ሊሰጡ ጀምረው ጆሯቸውን ወደ አልጋው ጣል አደረጉ። ዘፈኑ ሰባተኛው ነበር። የዘፈኖቹ ስም ስለማይታወቅ የሚለዩት በቁጥር ነው። አንዲት ሴት ብቻዋን ታወጣለች፣ ብዙ ሴቶች ከኋላ ይቀበሏታል፤ እሷ ትሰበራለች፣ እነሱ ያነሷታል።

«ቆይ ቆይ፤» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ንፍሮውን አስቀምጠው። «ይሄማ ሙሾ ነው። ስሚያት፣ አውራጇ ትላለች፣ ለቀስተኛው ይቀበላል። ባሏ ነው የሞተባት፣ ምስኪን!» ከንፈራቸውንም መጠጡ። «ሙሾ ከሆነስ ይሁን። ድምፁን ብቻ ቀንሱት፣ አገሩ ደብሪቱ ፈቀደች እንዳይለኝ።»

እንዲህ ሆኖ ፈረንሳይኛው በቤቱ ፈቃድ አገኘ። ዮርዳኖስ ከጧት እስከ ማታ ትሰማለች። እትዬ የሻረግም ሳይወዱ ለመዱት፤ ሦስተኛው ሲመጣ ሰውዬው መሃል ላይ እንደሚስል አወቁ፣ ዘጠነኛው ላይ ጊታሩ ብቻውን እንደሚቀር አወቁ። ደስታ አልነበረም። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የተቀመጠ ያህል ነበር፣ ምንም የማይጠይቅ ሰው።

ቀኑ ግን ይሄዳል። ንስሐ አባታቸውን ጠየቁ። «የሰው ከሆነ ለሰው ይመለስ፤ ባለቤቱ ከጠፋ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥ» ሲሉ መለሱላቸው። እትዬ የሻረግ እያሰቡ ተመለሱ። የፈረንጅ ዘፈን ለታቦት እንዴት ይሰጣል? ባለቤቱስ ቢገኝ፣ ያችን ጣት ምን ያንቀሳቅሳታል? ቢይዙት የልጃቸው ነፍስ፣ ቢመልሱት የልጅ ልጃቸው ትጎዳለች። ሦስት ቀን ሲያብሰለስሉት ሰንብተው በመጨረሻ ለራሷ ነገሯት።

«ይቺ ነገር የሰው ናት የኔ ልጅ። አባትሽ አደራ በልቶ እንዳይቀር መመለስ አለብን።»

«እሺ» ትላለች ብለው ሲጠብቁ ዮርዳኖስ ቀና አለች።

«አባባ እንደሚያደርገው እናድርጋ እምዬ። መኪናው ውስጥ ከፍተን እንሂድ።»

እትዬ የሻረግ ቃላቱን ቆጠሯቸው። ስምንት ናቸው።

ቅዳሜ ጧት መናኸሪያ ወረዱ። ጉም ነበር። ሁለቱም ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሹፌሩ ጎን ባለው ወንበር ተቀመጡ። አቶ ሽመክት ሌላ ሹፌር እስኪያገኙ ራሳቸው ነበር የሚነዱት።

«እትዬ የሻረግ፣ ሐዘንተኛ ተሳፍሮ ዘፈን? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሥራ ነው አቶ ሽመክት። ልጄ ያልጨረሰው ሥራ ነው።»

ዮርዳኖስ ፍላሿን ሰካች። መኪናው ሞልቶ ከከተማው ሲወጣ የመጀመሪያው ዘፈን ጀመረ። ጥቁር ልብሱን ያየው ተሳፋሪ ዝጉት አላለም። መንገዱ ዳር የተደረደረው የከሰል ማዳበሪያ በጉሙ ውስጥ አለፈ፤ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ አለፈ። ከኋላ አንድ ሰው በቀስታ «ዓባይነህን አስታወሰኝ» አለ። ጎኑ ያለው በክርኑ ጎሸመው፣ በአገውኛ አንድ ነገር አለው። ሰባተኛው ሲደርስ ግን ሁለተኛው ወንበር ላይ የቅቤ ቅል የታቀፈች ሴት ማንጎራጎር ጀመረች። ከቃሉ አንዱንም አታውቅም፣ ዜማውን ግን አንድ ቦታ አልሳተችውም። ከተቀባዮቹ ጋር ተቀበለች።

ዮርዳኖስ ዞረች። «ታውቂዋለሽ?»

«አብሮኝ ነው እኮ የሚውል፣» አለች ሴትዮዋ። ሸጋ ትባላለች፤ በጥርባ በኩል ካለ ገጠር ቅዳሜ ቅዳሜ ቅቤ ወደ ዳንግላ ትወስዳለች። «አባትሽ ሲከፍተው ሰምቼ ነው። አሁን ወተት ስገፋ በሱ ነው የምገፋ፤ ልኩ ነው። ምን እንደሚል ግን አላውቅም። ባሏ የሞተባት ናት መሰለኝ፣ ታሳዝነኛለች።»

«ሙሾ ነው፤» አሉ እትዬ የሻረግ፣ ስለ ለበሱት የሐዘን ልብስም እያሰቡ። «ሙሾ መሆኑ ተረጋግጧል።»

ዳንግላ ደረሱ። የኔ ነው ያለ የለም። ተራ እስኪደርሳቸው መኪናው ውስጥ ቁጭ እንዳሉ እትዬ የሻረግ አንድ ነገር ታወቃቸው፤ ባለቤቱ ባለመገኘቱ ቀሏቸዋል። ደነገጡና አማተቡ። የልጃቸውን ነፍስ በምን ለወጡት?

«እምዬ፣» አለች ዮርዳኖስ መስታወቱን እያየች፣ «ነገም እንመጣለን?»

«እናያለን።»

ሲመለሱ ሸጋ ቅቤዋን ለደንበኛዋ ሆቴል አስረክባ እዚያው ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ አንዲት ጃንጥላ የያዘች ወጣት ሴት ገባች፤ የተማሪ ደብተር በሻርፕ አስራ ታቅፋለች። በሩ ሳይዘጋ ተጣራች።

«ሹፌር! ይሄን ዘፈን ከየት አገኛችሁት?»

አቶ ሽመክት መኪናውን ዳር አወጡ። ሁሉም እትዬ የሻረግን ያይ ጀመር። እትዬ የሻረግ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አሁን ከሆነ በወጉ ይሁን። የጠፋ በሬ እንኳ ምልክት ሳይነገር አይመለስም።

«ያንቺ ከሆነ ምልክቷን ንገሪና።»

«ሰማያዊ ናት። ከተማሪዎቼ ፍላሽ ጋር እንዳትቀላቀልብኝ ጀርባዋን በጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጌባታለሁ። ቀይ።»

ዮርዳኖስ ሳትታዘዝ ፍላሿን ነቀለች። የሞተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ። እትዬ የሻረግ ተቀብለው በሁለት እጃቸው ሰጡ፣ ታሪኩንም ነገሯት። ወጣቷ ዮዲት ትባላለች፤ አዲስ አበባ ፈረንሳይኛ ተምራ እዚህ እንግሊዝኛ የምታስተምር። ፍላሿን መዳፏ ላይ አድርጋ አገላበጠቻት።

«ዓመት ሙሉ ከፍቶ ፈለገኝ? እኔ እኮ በትልቁ አውቶቡስ ነው የምሄደው፤ ሚኒባስ የያዝኩት ያኔና ዛሬ ብቻ ነው።»

«ሰባተኛው ምንድን ነው የሚለው?» አለች ዮርዳኖስ።

ሸጋ ወደ ፊት ተሳበች። ከኋላም አንገት የዘረጋ ብዙ ነበር።

«ሰባተኛው?» ዮዲት ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች፤ ሳቋ እንዳያመልጣት አፏን በጃንጥላው እጀታ ሸፈነች። «ጫማ ስለገዛች ልጅ ነው። ጫማው ጠቧታል። ግን ቆንጆ ስለሆነ አላወልቅም ብላ እያነከሰች ትጨፍራለች፤ ጓደኞቿ አውልቂ፣ አውልቂ ይሏታል።»

«ጫማ?» አለች ሸጋ።

«ጫማ።»

«ምነው እመቤቴ! ስንት ቅዳሜ ያዘንኩላት ለጫማ ነው?»

«ዓባይነህ እኮ፣» አሉ አቶ ሽመክት መሪውን እንደያዙ፣ «ዓባይነህ እኮ ይቺ ስትመጣ ለሟቹ ክብር ብሎ ኮፍያውን ያወልቅ ነበር!»

መኪናው በሳቅ ተናወጠ። ዮርዳኖስም ሳቀች። አጭር ነበር፣ እንደ ስቅታ፤ ራሷም ደንግጣ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እትዬ የሻረግ በፍጥነት ዞረው የሰውን ፊት አንድ በአንድ ፈተሹ፤ ሐዘንተኛ ሳቀች የሚል ዓይን ፈለጉ። አላገኙም። ልጅቱን አዩ። እንባ የለም። ዛሬም የለም።

ዮዲት ፍላሿን መልሳ በእትዬ የሻረግ መዳፍ ላይ አኖረች። «እኔ ኮምፒውተር ላይ ገልብጬ አለኝ። ለነፍሱ ይሁን።»

«እንዲያ አይደለም። ይቅር ብዬዋለሁ በይ።»

«ይቅር ብዬዋለሁ።»

«ሦስት ጊዜ።»

ዮዲት ሦስት ጊዜ አለች። ተሳፋሪው በየመሃሉ «አሜን» አለ። አቶ ሽመክት መኪናውን አስነሱ።

እትዬ የሻረግ ልባቸው እስኪቀል ጠበቁ። የሰው ንብረት ተመለሰ፣ ይቅርታው ተሰማ፣ የቀረ የለም። ልባቸው ግን እንደነበረ ነው፤ ምንም አላለም። ከበሩ ሥር የሚገባው ነፋስ ብቻ የቀኝ እግራቸውን ጣቶች ይቆነጥጣቸዋል። ጧት ሲመጡም ያው ነፋስ ነበረ፤ አልተሰማቸውም ነበር። እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«እምዬ፣ ራበኝ፣» አለች ዮርዳኖስ።

«እቤት እስክንደርስ ታገሺ።» ከቦርሳቸው ቆሎ አውጥተው በእጇ ዘገኑላት፤ በዚያው እጅ ፍላሿንም ጨመሩላት። «ይቺንም ያዣት። ግን እስከ አርባው ድረስ ድምፁን ቀንሰሽ ነው።»

«ሰባተኛውንም?»

«ሰባተኛውንማ ጭራሽ!» አሉ እትዬ የሻረግ፣ ወደ ኋላ ተገላምጠው ድምፃቸውን ዝቅ እያደረጉ። «አሁንማ ምን እንደሚል ታወቀ፤ ደብሪቱ እንዳትሰማ።»