ያደረው ጠርሙስ

ጠርሙሱ ጧ ብሎ ሲፈነዳ ሚዛን አዲስ የታተሙትን ፕላስቲኮች ከምድጃው እየተቀበለች ነበር። ድምፁ ያን ያህል አልነበረም፤ በር በንፋስ የተላተመ ያህል ነው። ወዲያው ግን ከእጥበት ክፍሉ የሰው ጩኸት ተከተለ፤ ሁሉም የያዘውን ጥሎ ሮጠ።

ችኩሉ የሚሉት እቃ አጣቢ ገንዳው ሥር ተቀምጦ ቀኝ እጁን በግራው ጨብጧል። በጣቶቹ መሃል ደም ይወርዳል።

«ክዳኑን ነው ያዞርኩት! ክዳኑን ብቻ!» ይላል ደጋግሞ።

የወርክሾፑ ኃላፊ ደረሱ። ድሮ ኬሚስትሪ ያስተምሩ ስለነበር እስከ ዛሬ «መምህር» ነው የሚባሉት። የጠርሙሱን ስባሪ ከሩቅ ሆነው አዩት፤ አንገቱ ላይ ጥቁር ነገር ደርቆበታል። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«የመቼ ነው ይሄ?»

«ዕረፍት ከመውጣቴ በፊት የተረፈ ነው። ብር ነው ብዬ መድፋቱ አሳዘነኝ።»

«ስንቴ ልናገር? ይሄ የብር ቀለም ዕለቱን ካልተደፋ ይከፋል። ጥቁሩ ነገር ንክኪ አይወድም፣ መነቅነቅ አይወድም። ያንተ የጠብታ ያህል ነው። ግማሽ ጠርሙስ ቢሆን ኖሮ ስባሪውን ሳይሆን አንተን ነበር የምንለቅመው!»

ግማሽ ጠርሙስ። የሚዛን ጆሮ ጭው አለ።

ወርክሾፑ የሚሠራው ደረት ላይ ተለጥፎ የልብ ምት የሚያነብ ስስ ፕላስቲክ ነው። የብሩን ቀለም የምትቀምመው እሷ ናት፤ ለግራም ሽራፊ ስለምትጨነቅ ሚዛን አሏት። ውሃ የመሰለው ቀለም ፕላስቲኩ ላይ መስመር ሆኖ ይታተምና ምድጃ ይገባል። እዚያ ብሩ ዓይን የማያየው ቅንጣት ይሆናል፤ ቅንጣቶቹም በሙቀቱ እርስ በርስ ተጣብቀው ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ አንድ መስመር ይሠራሉ። የጣት ቀለበት እዚያው ምድጃ ውስጥ ውሎ ቢያድር ሙቀቱን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የደቀቀው ብር ግን ትንሽ ሙቀት ይበቃዋል። «ብር ሲደቅ ጠባዩ ሌላ ነው» ይሏታል መምህር። ሚዛን በዚህ ትደነቅ ነበር እንጂ ፈርታ አታውቅም።

የተረፈውን ቀለም ማታ ማታ ማርከሻ ኬሚካል ያለበት በርሜል ውስጥ መድፋት ሕግ ነው። ሠራተኛው ግን የራሱ ሕግ አለው፤ ብር አይደፋም። ጥቂት ጥቂቱን ይዞ ይወጣል፤ ቀለሟ ለለቀቀ ጉትቻ፣ ለማንኪያ፣ ለመስታወት። መስታወት መቀባቱን ለሚዛን ያስተማሯት የምድጃው ሠራተኛ ጋሼ እሳት ናቸው። የእናቷ የሰርግ መስታወት ጀርባው መሃል ለመሃል ተልጦ፣ የቆመበትን ሰው ሁሉ አፍንጫ ያሳጣል። «ባረጅም አፍንጫዬን አልሸጥኩም» ትላለች እናት። ሚዛን ሳትነግራት አድሼ ላስደስታት ብላ ግማሽ ጠርሙስ ወሰደች። ዛሬ ነገ ስትል ወር ሊሞላው ነው።

ኮሪደር ወጥታ ደወለች።

«እማዬ፣ የት ነሽ?»

«የት እሄዳለሁ፣ ቤት ነኛ። አክስትሽ ልትመጣ አይደል፣ ክፍልሽን ገልብጬ እያጸዳሁልሽ ነው። ወይ ጉድ፣ ይሄን ሁሉ አቧራ ታቅፈሽ ነው የምታድሪው?»

«እማዬ፣ ከቁም ሳጥኑ ኋላ አንድ ጠርሙስ አለ...»

«ጥቁሩ? ይኸው በእጄ ይዤዋለሁ። ምን ሆኖ ነው እንዲህ የከሰለው? ልፈትገው ነው።»

የፈሩት ይደርሳል ማለት ይሄ ነው።

«እንዳትፈትጊው። ክዳኑንም እንዳትነኪው። ዝም ብለሽ ቁሚ።»

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? ልጣለው?»

«እንዳትጥዪው! በሞቴ እማዬ፣ በሞቴ!»

«እሺ፣ ቆሜያለሁ» አለች እናት። ልጇ በሞቴ ብላ አታውቅም።

ታስቀምጠው ወይስ ይዛ ትቁም? ሚዛን አላወቀችም። የሚያውቁት መምህር ናቸው፤ እሳቸውን መጠየቅ ደግሞ ሰርቄያለሁ ማለት ነው። ከሥራ ብትባረር ሁለቱ ምን ይበላሉ? ይህን ያሰበችው ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ነው፤ ያችን ትንፋሽ ግን ጠላቻት። የመምህርን ቢሮ በርግዳ ገባች።

«መምህር፣ እናቴ በእጇ ይዛዋለች።»

«ምኑን?»

«ጠርሙሱን። ግማሽ ነው። ወር ሊሞላው ነው። እኔ ነኝ የወሰድኩት።»

መምህር አልተቆጡም፤ ያ ደግሞ የባሰ አስፈራት። ስልኩን ተቀብለው ድምፁን ከፍ አደረጉና ዝግ ብለው ተናገሩ።

«እናታችን፣ የልጅዎ አለቃ ነኝ። አጠገብዎ አልጋ አለ?»

«አለ። ግን አንሶላውን አሁን ነው የቀየርኩት።»

«ግድ የለም፣ ይቆሽሽ። ስልኩን ሳይዘጉ ኪስዎ ይክተቱት። ጠርሙሱን በሁለት እጅዎ ይያዙና፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያስቀምጡ አድርገው ትራሶቹ መሃል ያቁሙት። ከዚያ ምንም ሳይነኩ ይውጡ። ምንም።»

የጨርቅ መታሸት ተሰማ። ቀጥሎ የአልጋ ሲጥ ማለት። ሚዛን እጇን አፏ ላይ አድርጋ አምላኳን ትለማመናለች። ድንገት ስልኩ ውስጥ ጓ! አለ።

«እማዬ!»

ሚዛን ደጋግማ ጠራች።

«መጥረጊያው ነው የወደቀው» አለ በመጨረሻ ቀጭን ድምፅ። «ወጥቻለሁ። በሩን ቆልፌዋለሁ። አንድ እግሬ ባዶ ነው።»

ሚዛን ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች። መምህር ለፖሊስ ደወሉ፤ የፈንጂ ባለሙያዎች እንዲሄዱ፣ ጎረቤቱም ከአካባቢው እንዲርቅ አስደረጉ። እናትም ከመንገዱ ማዶ ሆና ደወለች። «የሰው ጫማ አውሰውኛል» አለች። «አንቺ ብቻ እንዳታለቅሺ።»

ያኔ መምህር በሩን ዘጉ።

«ፖሊሶቹን እኔ አነጋግራለሁ። እዚህ ግን ለማንም አትናገሪ። ወሬው የወርክሾፑ ባለቤቶች ጆሮ ከገባ አንቺንም ያባርራሉ፣ እኔንም አይምሩኝም። በእኔና በአንቺ ይቅር።»

«እሺ» አለች፤ ከልቧ ነበር። እናቷ ተርፋለች፣ እንጀራዋም ተርፏል። ከዚህ በላይ ምን ይለመናል?

ፊቷን ታጥባ ምሳ ክፍል ስትገባ ሠራተኛው በችኩሉ እየቀለደ ነበር። የሁሉ ሳቅ ግን ከጉሮሮ አያልፍም።

«ክዳን መክፈት እንኳ ያልቻለ ሰው» ይላሉ ጋሼ እሳት፣ «ሚስት አግብቶ በር ሊከፍት ነው?»

ሚዛን ታያቸው ጀመር። መስታወት መቀባቱን ሲያስተምሯት «እኔ ቤት ሁሌም ጠርሙስ አይጠፋም» ብለዋት ነበር። ሰውዬው ጉንጫቸውን ሞልተው ይበላሉ። ከኋላዋ የመምህር በር ሲከፈት ሰማች፤ ዞራ አላየችም።

«ጋሼ፣ እኔም ቤት ጠርሙስ ነበር» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «ግማሽ ጠርሙስ፣ የወር። ዛሬ እናቴ ልትፈትገው በእጇ ይዛው ነበር። አሁን ፈንጂ አምካኞች ቤታችንን ከበውታል። ሌላ ማን ጋ አለ?»

ሳቁ ቆመ። ሁሉም ሳህኑን ያያል።

«ክዳኑ...» አሉ ጋሼ እሳት ቀስ ብለው፣ «ካልተከፈተስ?»

«ባይከፈትም።»

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። እጃቸውን በጨርቅ አበሱ። ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። ይጠራል። ከጠረጴዛው ጫፍ ሌላ ስልክ ወጣ፣ ቀጥሎም ሌላ።

«ሄሎ፣ እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ እሳት። «ስሚኝ። ያለሽበት ቁሚ።»