የቀሩት ለምን ቀሩ

የጥበብ ማዕከሉ አስተባባሪ ልቧ አላርፍ ካለ ሰንብቷል። የአረጋውያኑ የዘፈን ቡድን አምና ሠላሳ አንድ ሰው ነበረው፤ ዘንድሮ ግን አሥራ ሁለት ብቻ ቀርቷል። ቡድኑ ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚለውን ቦርዱ በሳምንቱ ተሰብስቦ ሊወስን ነው።

ከሁሉ የከበዳት ለአስተማሪው መንገሩ ነበር። ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ጡረተኛ የሙዚቃ መምህር ናቸው፤ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም።

ለቡድኑ አባላት ያስሞላችውን መጠይቅ ደጋግማ አገላበጠችው። አሥራ ሁለቱም «በጣም ደስ ይላል» ብለው ሞልተዋል። ይህን ይዛ ቦርድ ፊት ብትቀርብ ማንም ጉዳዬ እንደማይላት ታውቃለች። ድንገት ግን አንድ ነገር ከነከናት፤ የጠየቀችው የመጡትን ብቻ ነው።

የአምናውን መዝገብ አውጥታ ስልክ መደወል ጀመረች። መጀመሪያ ያገኘችው ልብስ ሰፊ የነበሩ እናትን ነው። ሰላምታው ረዘመ፤ የልጅ ልጆቹ ደህንነት ሳይቀር ተነሣ። ከዚያ ለምን እንደቀሩ ጠየቀቻቸው።

«ልጄ፣ ዘፈኑን ጠልቼ መሰለሽ?» አሉ። «ሦስተኛ ፎቅ ሰቀላችሁን። ጉልበቴ እምቢ አለ።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ፣ እማማ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ፊቷ ጋለ። ለሥዕል ተማሪዎች ሰፊ ቦታ ስትፈልግ ክፍሉን የቀየረችው እሷ ነበረች። ሁለት ቀን ስትደውል ዋለች። ከአሥራ ዘጠኙ አሥራ አራቱ ደረጃውን አነሡ። ሦስቱ ታመዋል። የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ዜማ ሲስቱ ጋሼ እየተቆጡ እንዳስቀየሟቸው ሳይሸሽጉ ነገሯት።

አንዱንም ሳታስቀር፣ የራሷንም ጥፋት ጨምራ፣ ለቦርዱ አቀረበች። ሰብሳቢዋ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና ከመግቢያው አጠገብ ያለው የዕቃ ክፍል ስንት ሰው እንደሚይዝ ጠየቁ። በዚያው ስብሰባ ቡድኑ ወደዚህ ክፍል ወርዶ እንዲቀጥል ተወሰነ።

ለጋሼ ስትነግራቸው የቁጣቸውንም ነገር አልደበቀችም። ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል። በኋላ ግን ለሁለቱ ራሳቸው ደውለው ይቅርታ እንደሚጠይቁ ተናገሩ።

«ደረጃውስ እንኳን ቀረ» አሉ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔም ብሆን እያማጥኩ ነበር የምወጣው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ ማስታወቂያ የማነብ የምመስለው ትንፋሼን ልሰበስብ ነው።»

አስተባባሪዋ ሳቋ አመለጣት። ስንት ሳምንት የተጫናት ጭንቀት ከትከሻዋ ሲወርድ ተሰማት። ከዚያ ሁለቱም እጅጌያቸውን ሰብስበው ከዕቃ ክፍሉ አሮጌ ወንበሮች ማውጣት ጀመሩ።