የቅጥሩ የውስጥ መስመር

ፍሬሰላም ፎቶውን በኮምፒውተሩ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ አጉልታ አየችው። በግራ በኩል ሁሉም ነገር ግልጽ ነው፤ የድንጋዩ ግንብ ቆሟል፣ መሠረቱ የገባበት ቦይ ጥቁሩን አፈር ሰንጥቆ ሲወርድ ይታያል። በቀኝ በኩል ግን ያለው ጭቃ ብቻ ነው። የጉድጓዱ ጎን ተንዷል፣ ውሃ ቋጥሯል፣ የመለኪያው እንጨት እስከ ወገቡ ሰምጧል።

ጠረጴዛው ላይ የራሷ ሥዕል ተዘርግቷል። ብርሃን የሚያሳልፍ ትሬሲንግ ወረቀት፣ ጥቁር ቀለም፣ ከታች ስሟና ፊርማዋ። በሥዕሉ ላይ ቦዩ በግራም በቀኝም በሙሉ መስመር ቁልጭ ብሎ ወርዷል።

በቁፋሮ ሥራ በዓይን የታየ ነገር በሙሉ መስመር ይሳላል። ያልታየ፣ ግን ይኖራል ተብሎ የተገመተ ደግሞ በተቆራረጠ መስመር። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ሕግ ለአዲስ ገቢ ሁሉ ስትነግር የኖረችው እሷ ነች። አሁን ነገሩ ትዝ አላት። ያን ቀን ዝናቡ ድንገት ወርዶባቸው ንድፉን ሳትጨርስ ወደ መኪናው ሮጡ። ሆቴል ገብታ ልብሷ ሳይደርቅ የግራውን መስመር ገልብጣ በቀኝ በኩል አሰመረችው፤ ነገ ወርጄ አስተካክለዋለሁ ብላ። በነጋታው ግን መንገዱ ተዘጋ። በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ገቡ፤ መስመሩም እንደዚያው ቀረ።

"ጨረስሽ?" አለ ዶክተር ታዲዎስ፣ የቢሮው ባለቤት፣ ጃኬቱን እየለበሰ ብቅ ብሎ። "ስብሰባው አራት ሰዓት ነው። ቂርቆስ ድረስ ደግሞ መንገዱ ተቆፋፍሯል፤ ማነው አርኪዮሎጂስቱ፣ እኛ ነን እነሱ?"

"ዶክተር፣ አንድ ነገር አለ።"

"'አንድ ነገር አለ' ስትዪ ሆዴን ያመኛል።"

"በቀኝ፣ በግንቡ ውስጥ በኩል ያለውን መስመር አላየሁትም። ማለቴ… ገምቼ ነው የሳልኩት። ፎቶውን ይዩት።"

ታዲዎስ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጎንበስ አለ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

አውሳቦ በይፋት ተዳፋት ላይ ያለች፣ ሰው የለቀቃት የድሮ ከተማ ናት። በዙሪያዋ የሚታየው የድንጋይ ክምር የሰባት መቶ ዓመት የመከላከያ ቅጥር ነው የሚሉት እነ ታዲዎስ ናቸው። አዲሱን መንገድ የነደፉት መሐንዲሶች ደግሞ ገበሬ አፈር እንዳይሸረሸርበት የካበው እርከን ነው ይላሉ። እርከን ከሆነ ሰኞ ጠዋት ኤክስካቫተር ይገባበታል። እርከን እንዲህ በግራና በቀኝ ቦይ ተቆፍሮለት አይካብም፤ ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ በዚህ ሥዕል ላይ ቆሟል።

"ያው ነው እኮ ፍሬ" አለ ታዲዎስ በመጨረሻ። "በግራ ያለው ነገር በቀኝም አለ። ቅጥር ነው። አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እኔም አውቃለሁ፣ እዚያ የሚውሉት ፍየሎችም ያውቁታል።"

"ፍየሎቹ አልፈረሙበትም። የፈረምኩት እኔ ነኝ።"

"እሺ፣ ቆራርጠሽ ሳይው። የመንገዱ ኢንጂነር ለታ 'ራሳቸውም እርግጠኛ አይደሉም' ብሎ ፋይሉን ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ እውነቱን ለማን ነው የምትነግሪው? ለአስፋልቱ?"

ያለው እውነት ነው። ፍሬሰላም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከማዶ፣ የካዛንቺስ ቤቶች በፈረሱበት ሜዳ ጫፍ፣ የአንድ ክፍል ግድግዳ ብቻ ቆሞ ቀርቷል። ሳታስበው ንብብሩን ቆጠረችው፤ ጭድ ያለበት ጭቃ፣ በላዩ ጋዜጣ፣ በጋዜጣው ላይ ሰማያዊ ቀለም፣ በሰማያዊው ላይ ቢጫ። እዚያ ቤት ስንት ሰው እንዳደገ ከእንግዲህ የሚያውቅ የለም። አውሳቦም ሰኞ እንደዚሁ ልትሆን ነው።

ስልኳን አንስታ ሙሐሲን ጋ ደወለች። ሙሐሲን የአውሳቦ ገበሬ ነው፤ የቆፋሪዎቹ አለቃም እሱ ነበር።

"ጠፋሽ እኮ ፍሬ" አለ ገና ሰላምታው ሳያልቅ። "ዝናቡ እናንተን አባሮ ለእኛ ሣር አበቀለልን።"

"ሙሐሲን፣ ያ የተናደው ጉድጓድ እንዴት ነው?"

"እሱማ ሞልቶ ጠገበ። አሁን የእንቁራሪት ነው።"

"ሌላ ያልተነካ ቦታ የለም? የግንቡ ውስጠኛ ጎን የሚታይበት?"

"ግራሩ ሥር ቆፍሩ ብዬ ለምኜ የለም እንዴ? ዶክተሩ ነው 'እዚያ ሥሩ ያስቸግራል' ያለው። እዚያ ደርቋል፤ ዝናብ ካየን ስምንት ቀናችን ነው።"

"እስከ መሠረቱ በስንት ቀን ይወርዳል?"

ሙሐሲን እያጉተመተመ ቆጠረ። "ነገ ጁምዓ ነው። ከሶላት በኋላ ብንገባ፣ ስድስት ሰው ከሆንን፣ ቅዳሜን ውለን እሁድ ቀትር ላይ። ግን ከእናንተ አንድ ሰው ሳይኖር እንዳልቆፍር አስፈርማችሁኛል።"

"ሰዎቹን ያዝልኝ" አለችና ዘጋች። ከመሳቢያው ምላጭ አወጣች። ወረቀቱን በግራ እጇ ወጥራ ይዛ መስመሩን እያለፈች እያለፈች ትፍቅ ጀመር።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለ ታዲዎስ።

"እየቆራረጥኩት። የቁፋሮ ፈቃዳችን እስከ ሰኔ ሠላሳ አይደል?"

"ነው፤ ግን…"

"እንግዲያው ሦስት ቀን አለን። ኢንጂነሩንም እኔ አናግራለሁ፤ ስህተቱ የእኔ ነው።"

ታዲዎስ ሊከራከር አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ሰዓቱን አየ። "ፋቂ በቃ" አለ። "ወረቀቱን እንዳትቀጂው ብቻ።"

ኢንጂነር ለታ ቂርቆስ ባለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ካርታ በካርታ በሆነ ክፍል ውስጥ ተቀበላቸው። ሥዕሉን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ አየና የተፋቀው ላይ ጣቱን አኖረ።

"እህቴ፣ ይሄ ለምን ተቆራረጠ?"

"ስላላየሁት ነው። መጀመሪያ እንዳየሁት አድርጌ ስዬው ነበር። ተሳስቻለሁ።"

ታዲዎስ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ስለዚህ እርከን ሊሆን ይችላል" አለ ለታ።

"ይችላል። እኔ አይመስለኝም። ሌላ ቦታ ከፍተን እሁድ እጨርሳለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ያየሁትን ስዬ አመጣልዎታለሁ።"

"ሰኞ ሁለት ሰዓት ማሽኑ ይነሳል። እኔ ማሽን የማቆመው በወረቀት ነው።"

"አንድ ሰዓት ላይ በር ላይ ያገኙኛል።"

ለታ ወንበሩ ላይ ተደገፈ። "ቆፍረሽ እርከን ሆኖ ቢገኝስ?"

ታዲዎስ በዓይኑ ለመናት። ፍሬሰላም ጣቶቿ ላይ የቀረውን ቀለም አየች።

"እርከን ነው ብዬ እስለዋለሁ።"

"ትፈርሚበታለሽ?"

"እፈርማለሁ።"

ለታ ብዕሩን አነሳ። ደስ ያለውም የከፋውም አይመስልም። "ሰኞ አንድ ሰዓት" አለና ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

ደረጃውን ወርደው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ታዲዎስ "መኪናው ጋራዥ ነው" አለ። "ነገ ማለዳ በአውቶቡስ እንሂድ።"

"እኔ ዛሬ ነው የምሄደው። ጉድጓዱ ሲጀመር ካልደረስኩ ዋጋ የለውም። እርስዎ ነገ ይድረሱብኝ።"

ታዲዎስ ከላይ እስከ ታች አያት፤ ከዚያ ድንገት ቆመ። "ሥዕሉስ? የሰውየው ጠረጴዛ ላይ ረሳነው። ቆይ፣ ላምጣው፣ ለማመሳከር ያስፈልግሻል።"

"አልረሳሁትም" አለች ፍሬሰላም። "ሆን ብዬ ነው የተውኩት። አብሮኝ ከሄደ ሳላውቀው እገለብጠዋለሁ። ባዶ ወረቀት ይበቃኛል።"

ታዲዎስ ወደ ላይ ሊወጣ ያነሳውን እግሩን መለሰ። እሷ ግን ደረጃውን ጨርሳ ታክሲ ለመያዝ መንገዱን እየተሻገረች ነበር።