ያልተጠራው መንደር

የጀልባ ጠሪው የኮስመስ ድምፅ የተዘጋው አዲሷ ጀልባ ወደ ባሕር በምትወርድበት ዕለት ማለዳ ነበር። ከዋዜማው ጀምሮ ኃይለኛውን የአገዳ አረቄ «ለጉሮሮዬ መድኃኒት ነው» እያለ ሲጨልጥ አምሽቶ፣ ሲነጋ ከአፉ የወጣው እንደ አሮጌ በር ሲጥጥታ ብቻ ሆነ። እንዲህ ያለውን መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ግን በደሴቲቱ አልተገኘም።

«ዛሬ አንቺ ጥሪልኝ» አላት ለእኅቱ ልጅ ለዙሊማ፣ ቃሉን እየጎተተ። «ካበላሸሽው ግን ሁለተኛ እዚያ በርሜል ላይ እንዳላይሽ!»

ዙሊማ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የተመኘችው ይህንኑ ነበር። በካሪያኩ ደሴት፣ በዊንድዋርድ መንደር፣ ጀልባን አናጢው ይሠራታል፤ ወደ ውኃ የሚያወርዳት ግን አገር ነው። ጠሪው በርሜል ላይ ቆሞ ከሦስቱም የግሬናዳ ደሴቶች የመጣውን ሕዝብ በየመንደሩ ያወድሳል፤ የተወደሰ ገመድ ይስባል፤ ያልተወደሰ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። በዚያ በርሜል ላይ እስከዚያ ቀን ሴት ቆማ አታውቅም።

ቄሱ ጀልባዋን ባረኩ። የጀልባዋ የክርስትና እናት የጀልባዋን ስም የሸፈነውን ሰንደቅ ገለጠች። ጀልባዋን የደገፏት ባላዎች ተራ በተራ ተቆረጡ፤ እሷም በተደረደሩት ግንዶች ላይ በጎኗ ተጋደመች። ባሕሩ ሞልቷል፤ ሳይሸሽ መድረስ አለባት።

ዙሊማ በርሜሉ ላይ ወጣች።

«ጉያቮች! እናንተ መረብ ስትጥሉ ለሌላው ዓሣ አጥማጅ ቅርፊት ብቻ ይተርፋል ይባላል፤ እውነት ነው?»

«ሆ!» አሉ ከትልቁ ደሴት የመጡት። ገመዱ ተወጠረ፤ ጀልባዋ አቃሰተች።

«ሌስቴሮች! ዛሬ ካልሳባችሁ ማታ ቫዮሊናችሁን ማን ይሰማላችኋል?»

«ሆ!»

«ሂልስቦሮዎች! ሱቃችሁን ከዘጋችሁ አይቀር ክንዳችሁን ክፈቱ!»

«ሆ!»

«ፕቲ ማርቲኒኮች! በትንሿ ደሴት ትልቅ አፍ!»

«አንቺ ባለጌ!» አሉ ግዙፏ እማማ ዩፍሬዝ ከትንሿ ደሴት ሰዎች መካከል። «ትልቁ ክንዳችን አልታየሽም?» ገመዱንም እንዲህ አድርገው መነጨቁት፤ ከኋላቸው የቆሙት ሁሉ አሸዋ ላይ ተዘረሩ። ከበሮው ተመታ፤ ሕዝቡ እየሳቀ ወደቀ፣ እየሳቀ ተነሣ፤ ጀልባዋ ግንዶቹን እየጨፈለቀች ተንደረደረች።

ውኃው ጫፍ ስትደርስ ግን ቀጥ አለች።

ዙሊማ የጠራቻቸውን መንደሮች ሁሉ እንደ ገና ጠራች። ጀልባዋ አልተነቃነቀችም። ባሕሩ መሸሽ ጀመረ። ወደ ገመዱ ብታይ ግማሹ ረግቧል፤ የገዛ መንደሯ ሰዎች፣ ጀልባዋን የሠራት አናጢ ሳይቀር፣ አሸዋ ላይ ተቀምጠዋል። ኮስመስ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ገመዱ ላይ ተጎልቷል።

«አጎቴ፣ ምን ሆናችሁ? የራሳችን ጀልባ እኮ ናት!»

ኮስመስ ፊቱን ወደ ኮረብታው አዞረ።

እማማ ዩፍሬዝ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «እቴ፣ እንግዳውን ሁሉ ጠራሽ፤ ባለቤቱን ለማን ተውሽው?»

ዙሊማ ፊቷ በእፍረት ጋለ። ለእንግዶች ክብር ስትል ዊንድዋርድን ወደ ኋላ አቆይታ፣ በዚያው ረስታዋለች። እንግዳን ማክበር መልካም ነው፤ የቤትን ሰው እንደ ግድግዳ መቁጠር ግን ሳይታሰብ የተፈጸመ ንቀት ነው። ይህን ተረዳች። ነገር ግን ይቅርታ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረም።

«ዊንድዋርዶች!» ብላ ጮኸች። «ግትሮች! ኩራታችሁ ከምሰሶ የረዘመ! ስማችሁ ስላልተጠራ የገዛ ጀልባችሁን ለሸርጣን የምትሰጡ! እናንተን የመሰለ ሕዝብ ከተነሣ የትኛው ባሕር ይችላችኋል? አጎቴ ኮስመስ፣ ሳብ አልልህም፤ ከገመዱ ላይ ብቻ ውረድልን!»

ዊንድዋርድ ከዚህ የበለጠ ውዳሴ ሰምቶ አያውቅም። መንደሩ እንዳለ ከአሸዋው ፈንጥሮ ተነሣ።

«ሆ!»

ጀልባዋ ዘለለች። ለመውረድ ጥቂት የዘገየው ኮስመስም በገመዱ ተጠልፎ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ቀድሟት ባሕር ገባ። ጀልባዋም ተከትላው ገብታ ቀና አለች፤ ተንሳፈፈች። እማማ ዩፍሬዝ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ጨፈሩ።

ኮስመስ ከማዕበሉ መካከል ብቅ አለ። ጨዋማው ውኃ ጉሮሮውን ጠርጎለት ኖሮ፣ ኮረብታው እስኪያስተጋባ ድረስ ጮኸ፦

«የሚቀጥለውንም ጀልባ አንቺ ጥሪ!»

«አጎቴ፣ ድምፅህ ተመለሰ እኮ!»

ኮስመስ ክው አለ። እጁን ወደ ጉሮሮው ልኮ ሳል ሳል አደረገውና፣ እንደዚያ እንደ አሮጌው በር ሲጥ አለ፦

«የት አባቱ ተመልሶ! በርሜሉማ ያንቺ ነው!»

ቄሱ ይህን ውሸት በሚገባ ሰምተዋል። እንዳልሰሙ ሆነው ለድግሱ ወደ ቀረበው የበቆሎ ገንፎ ዞሩ።