የሬሳ ሳጥን የማይዞርበት ደረጃ

ባሌ ዬፊም ጡረታ እስኪወጣ የሠራው የቤት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ግድግዳውም ደረጃውም እዚያው አርማታ ቅርጽ ውስጥ እየፈሰሰ ይሠራል፤ ሲደርቅ በመኪና ተጭኖ መጥቶ በክሬን ይገጣጠማል። ለእኛም የደረሰን ቤት እሱ ካፈሰሰው ደረጃ አናት፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም።

የገባን ዕለት፣ «ይሄ ደረጃ ነው ወይስ የአይጥ ጉድጓድ? ቁም ሳጥኑ በየት ይግባ?» ብዬ ጮህኩበት።

«ታያ፣ አትነጫነጪ። ጊዜያዊ ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የተሻለ ይሰጡናል» አለኝ።

የተሻለ እሰጣለሁ ያለን ሶቪየት ራሱ ፈረሰ። ጊዜያዊው ቤት ግን እስከ ዛሬ አልፈረሰም።

ዬፊም የሞተ ጊዜ የታችኛው ጎረቤታችን አርካዲ የሬሳ ሳጥኑን ግቢ ውስጥ ትቶ ባዶ እጁን ወደ እኔ ወጣ።

«እማማ ታያ፣ መታጠፊያው ላይ ሳጥን አይዞርም። እንደ ሌሎቹ በብርድ ልብስ እናውርዳቸው።»

«የኔ ባል እንደ ድንች ጆንያ አይወርድም!»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ደረጃውን እኔ አላፈሰስኩት!» ብሎ ጮኸብኝ። ወዲያው ማን እንዳፈሰሰው ትዝ አለውና አንገቱን ደፋ።

አራት ሆነው የብርድ ልብሱን ጫፍና ጫፍ ይዘው አወረዱት። መታጠፊያው ላይ ትከሻው ግድግዳውን እየፋቀ አለፈ። እኔ ከኋላ ሆኜ «ቀስ በሉ!» እያልኩ እጮሃለሁ፤ ለማን ብዬ እንደሆነ እንጃ።

ከቀብር ስንመለስ አርካዲ ብርድ ልብሱን አጥፎ ሰጠኝ። አጥቤ በሩ ሥር አስቀመጥኩት። እኔን ለማውረድ ሲመጡ በፍለጋ እንዳይቸገሩ ብዬ ነው።