በሦስት ሳምንት አንዴ፣ ሐሙስ ጠዋት

ፀጉር አስተካካዩ ሚስቱን ከቀበረ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ እሱና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጁ ኩኩ ሁለት ክፍል ቤታቸው ውስጥ እየተጠነቃቀቁ ነው የሚኖሩት። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ዕቃ ያጥባሉ፣ ስለ ትምህርቷና ስለ ደንበኞቹ ያወራሉ። የእናቷን ነገር ግን ሁለቱም አያነሱም፤ አንዱ ካነሳው ሌላው እንዳይሰበር ይፈራል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኩኩ ፀጉር ቤቱ መጣችና ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ሙቀቱ ለጉድ ነው፤ እሷ ግን እጅጌው ጣቷ ድረስ የሚደርስ ሹራብ ለብሳለች። የመጨረሻው ደንበኛ እንደወጣ ብድግ አለች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ላሳይህ። እንዳትስቅ።»

«አልስቅም።»

እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበችው። ክንዷን ጥቁር ለስላሳ ፀጉር ሸፍኖታል። መሃል ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ተላጭቶ፣ ሦስት ቦታ ተቆርጦ፣ ደሙ ደርቋል።

«በምንድን ነው?»

«ባንተ ምላጭ። ሲቆርጠኝ ተውኩት።»

ጥጥ አልኮል ነክሮ ይጠርግላት ጀመር። እሷም ሲያቃጥላት ጥርሷን ነክሳ፣ «ክፍል ውስጥ ‹ይሄን ክንድ ከወንድምሽ ነው የተዋስሽው?› ይሉኛል» አለችው። «ወንድም እንኳ የለኝም።»

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ፀጉር ሲቆርጥ ኖሯል። የሰው ጭንቅላት አየት አድርጎ ቶንዶሱን በስንት ቁጥር እንደሚያስኬደው ያውቃል። ለዚህ ግን መላ ጠፋው።

«ፀጉር እኮ የጤና ነው» አላት።

«አንተ አይገባህም። እማዬ ብትኖር ለእሷ ነበር የምነግራት።» ቀጥላም፣ «የእማዬ ክንድ እንደዚህ አልነበረም። ልሙጥ ነበር» አለች።

«በኔ ወጥተሽ ነዋ። ጥፋቱ የኔ ነው» አለና የራሱን ክንድ አሳያት። ትንሽ ፈገግ አለች። እሱም እውነት መስሎት ነው ያለው።

ሰኞ ጠዋት መንገዱን ተሻግሮ ፊት ለፊት ያለው የሴቶች የውበት ሳሎን ገባ። ከባለሳሎኗ ጋር ለዓመታት ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። ወንበሮቹ ገና ባዶ ናቸው፤ እሷ ፎጣ ታጥፋለች። እንዳፈረ ኮፍያውን በእጁ እያገላበጠ ጉዳዩን ነገራት።

«ይቀመጡ፣ ጋሼ» አለችው። «ምላጭ ለሷ አይሆናትም። በሦስተኛው ቀን እንደ እሾህ ይወጣና ሲነኩት ይኮሰኩሳል። የሚቀባ ክሬም አለ፤ አይቆርጥም፣ ግን ሽታው ከባድ ነው፣ የልጅ ቆዳ ያቃጥላል። እሱን ካሰበች መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ቀብታ አንድ ቀን ትጠብቅ። በጨረር የሚያነሱም አሉ፤ እሱ የሐኪም ነው፣ ለሷም ገና ነው። እኛ እዚህ በሰም ነው የምናነሳው። ያማል፣ አልዋሽዎትም። ግን ሲያድግ ለስልሶ ነው የሚመጣው፣ ሦስት ሳምንትም ያቆያል።»

«መተውስ?»

«መተውም አንድ ነገር ነው። እሷ ከቻለችው።» ፎጣውን አስቀመጠች። «መቼም የእናቷ ነው የወጣባት። እሷም በሰም ነበር የለመደችው።»

«የማን እናት?»

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችውና ፊቷ ተለወጠ።

«አያውቁም ነበር እንዴ? እኔ እኮ … በሦስት ሳምንት አንዴ ትመጣ ነበር። ሐሙስ ጠዋት፣ እርስዎ ዕቃ ሊገዙ ሲወጡ። ከሠርጋችሁ ጥቂት ወር በኋላ ነው የጀመረችው።»

ሰውየው ኮፍያውን ማገላበጡን ተወ።

«ለምን እንደሆነ ነግራሽ ታውቃለች?»

ልትመልስለት አልፈለገችም። ሲለምናት ግን ነገረችው። «አንድ ቀን ‹ባልሽ ፀጉር አስተካካይ ሆኖ ምነው እኔጋ?› ብዬ ቀለድኩባት። ሳቀችና ‹እሱማ አንዴ በሰው ፊት፣ በነፃ ላስተካክልልሽ ብሎኝ ነበር› አለችኝ።»

ያኔ ትዝ አለው። አዲስ ሙሽሮች ሳሉ ነው። ጓደኞቹ ቤቱ መጥተው ሻይ ስታቀርብ ክንዷን ያዝ አድርጎ፣ «ለዚህ እንኳ አላስከፍልሽም፣ በነፃ ነው የማስተካክልልሽ» አለ። ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች። መላጣ ደንበኛ በመጣ ቁጥር «አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» እያለ ሲያስቅ የኖረ ሰው ነው። የራሱ አፍ መቼ እንዳመለጠው ግን ገና አሁን ማወቁ ነው።

«ለመጨረሻ ጊዜ የመጣችው ሆስፒታል ልትገባ ስትል ነው» አለች ባለሳሎኗ፣ ከጀመረችው አይቀር ብላ። «ክንዷ በመርፌ በልዞ ነበርና ሰም አላስነካሽም አልኳት። ‹እሱ እኮ አጠገቤ ነው የሚቀመጠው› አለችኝ። በመቀስ አሳጠርኩላት።»

ሰውየው አመስግኖ ወጣ። ፀጉር ቤቱን ግን ለሥራ አልከፈተም፤ ውስጥ ገብቶ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሆስፒታል በቆየችባቸው ስድስት ሳምንታት እጇን ሲይዛት አንሶላውን እስከ አንጓዋ እየሳበች ክንዷን ትሸፍን ነበር። በረዳት ብሎ ነርሷን ተጨማሪ ብርድ ልብስ ለመነ። ሁለት ብርድ ልብስ አለበሳት። እሷም «አዎ፣ በርዶኛል» ብላዋለች።

ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ ብዙ አለቀሰ።

ኩኩ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሁሉንም ነገራት፤ ሳሎኑን፣ ሐሙሱን፣ ቀልዱንም። ቀልዱን መደበቅ ይችል ነበር፤ አልደበቀም።

«አንተ ነህ እንዲህ ያልካት?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔም ክፍል የሚሉኝ ልክ እንደዚህ ነው» አለችና ተነስታ ክፍሏ ገባች። ሁለት ቀን በቅጡ አላነጋገረችውም። እሱም አልተቆጣም።

በሦስተኛው ቀን ዕቃ ሲያጥቡ ራሷ አነሳችው።

«የትኛው ይሻለኛል?»

ባለሳሎኗ ያለችውን አንድ በአንድ ነገራት፤ ክሬሙን፣ ሰሙን፣ መተውን።

«አንተ ብትሆን የቱን ትመርጣለህ?»

«እኔ ስለ ክንድ አንዴ ተናግሬአለሁ፣ ልጄ። ይበቃኛል። ብታነሺውም፣ ብትተዪውም ክንድሽ ነው።»

ኩኩ ሰሙን መረጠች። የእናቷ ስለሆነ እንደሆነ አልተናገረችም፤ እሱም አልጠየቃትም። የተቆረጠው እስኪሽር ጠብቀው ሄዱ። «አንተ ውጭ ጠብቀኝ» ስላለችው ደጃፉ ላይ ቆመ። አንድ ጊዜ ድምፅዋ ተሰማው፤ በሩን ሊገፋ እጁን አንስቶ መልሶ አወረደው።

ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ክንዷም ቀልቷል።

«አመመሽ?»

«በጣም።» ትንሽ ከተራመዱ በኋላ፣ «እማዬ አሥራ አራት ዓመት ይሄን ስትችል አልነገረችህም?» አለችው።

«አልነገረችኝም።»

«አንተስ አንድ ቀን እንኳ አላየህም?»

«ልሙጥ ነው ብዬ ነው ያየሁት» አላት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሄዳ ተወችው። አንዳንድ ቀን አጭር እጅጌ ትለብሳለች፣ አንዳንድ ቀን ሹራቡን። በዚህ መሃል ግን የእናቷ ወሬ ቤት ውስጥ ገባ። ኩኩ ዕቃ እያጠበች ትጠይቀዋለች፤ እናቷ ልጅ ሳለች ምን መሆን ትፈልግ ነበር፣ ብቻዋን ስትሆን ምን ታደርግ ነበር፣ ምን ያስፈራት ነበር። የሚያውቀውን ይነግራታል። አብዛኛውን ጊዜ ግን እጁ ውኃው ውስጥ እንዳለ ያስብ ያስብና፣ «እሱን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም» ይላታል።