የልብስ ሰፊዋ እጅ

ሽማግሌው ስልካቸውን ይዘው የመጡት በብረት ድስት ውስጥ ነው። ድስቱን ከነክዳኑ ባንኮኒው ላይ ዱብ ሲያደርጉት ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ልጄ፣ ተረከቢኝ» አሉ ሻጯን። «ከትናንት ጀምሮ ሆዱን ነፍቶብኛል። ባለቤቴም እሱ ባለበት ቤት አላድርም ብላ እህቷ ዘንድ ሄዳለች።»

«አባባ፣ የሸሹት እሱን ነው ወይስ እርስዎን?» አለ አንዱ ከሰልፉ። ሳቅ ሆነ።

«ሰበብ ስትፈልግ ነው የኖረችው» አሉ ሽማግሌው፣ እሳቸው ሳይስቁ።

ሻጯ ክዳኑን በሁለት ጣቷ ከፍ አደረገች። የስልኩ ጀርባ እንደ ቂጣ ተነፍቶ መስታወቱን ከጎን ፈልቅቆታል። በረጅም መቆንጠጫ አንስታ ከባንኮኒው ሥር ካለው፣ አሸዋ ከተሞላው ባልዲ ውስጥ ቀበረችው። ባልዲው ከሰሞኑ የመጣ የሱቁ ዕቃ ነው።

«ከመጠን በላይ ሞቋል» አለች፣ ዓይናቸውን ሳታይ። «በምን ቻርጀር ነበር የሰኩት?»

«ምን ሞቀ ትይኛለሽ፤ ሊፈነዳ ነው እንጂ!»

«የእኔም ከመጠን በላይ ሞቆ መጋረጃዬን በላው» አለች ከሽማግሌው ኋላ የቆመች ወፍራም ሴት። «እናንተ ግን ሰው ካልሞተ አታምኑም ማለት ነው?»

የሚባለውንና የማይባለውን ሥራ አስኪያጁ ሻጮቹን ሰብስቦ አስጠንቅቋቸዋል። «ፈነዳ» አይባልም፤ «ተቃጠለ» አይባልም። አስቀድሞ የሚጠየቀው የቻርጀሩ ነገር ነው። ደንበኛው ለመመለስ ትንሽ እንኳ ካመነታ አለቀለት፤ ጥፋቱ የራሱ ነው። ሽማግሌውም አመነቱ። የልጅ ልጃቸው ቻርጀር ይሁን የእሳቸው፣ እንዴት ያስታውሱት? ባዶ ድስታቸውን ታቅፈው ሲወጡ ሻጯ አንገቷን ደፋች።

ወዲያው ሥራ አስኪያጁ በቢሮው በር ብቅ ብሎ በጣቱ ጠራት። ትሑት ሰው ነው፤ ሲቆጣ እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። በሩን ዘግቶ የኮምፒውተሩን መስኮት ወደ እሷ አዞረላት። መዳፉ የተላጠ፣ ጣቶቹ የጠቆሩ የሴት ቀኝ እጅ ነበር። ጎረቤት ያነሳው ይህ ፎቶ ከቤት ቤት፣ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። አገሩ ሁሉ በስልኩ ኩባንያ ላይ የተነሳው በዚህ እጅ ነው።

«እህትሽ ናት አሉ።»

«ታላቄ ናት።»

«ይማርልን» አለ። «ከበላይ ደውለው ነበር። የሚፈልጉት አጭር ቪዲዮ ነው። ከሌላ ቦታ የገዛሁትን ቻርጀር ነበር የሰካሁት ትበል። ሕክምናዋን ኩባንያው ይችላል።»

«የሰካችው የካርቶኑን ቻርጀር ነው። ስልኩን የሸጥኩላት እኔ ነኝ፤ ቻርጀሩንም እኔ ራሴ ነኝ ያወጣሁላት።»

«ይህን ሌላ ሰው ያውቃል?»

«እኔና እሷ።»

«ጥሩ» አለ። እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳና መልሶ አስቀመጠው። «እህቴ፣ እኔም ልጆች አሉኝ። በዚህ ወር ሠራተኛ ቀንሱ ተብለናል። ያንቺን ስም እንዳልጠራ አንቺው እርጂኝ።»

በምሳ ሰዓት ወደ እህቷ ሄደች። ታላቅየዋ ልብስ ሰፊ ናት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ታናሿን አሳድጋ ያስተማረችው በዚያች አንድ ክፍል፣ በመስኮቱ ሥር ባለችው የስፌት መኪና ነው። ዛሬ መኪናዋ ጨርቅ ለብሳለች። ከግድግዳው ላይ የሙሽራ ቀሚስ ተሰቅሎበት የነበረው ሚስማር ባዶውን ቀርቷል። ቀሚሱ ትላንት ተወስዷል። ሙሽራዋ መጥታ፣ የታሰረውን እጅ አይታ ከንፈሯን መጥጣ፣ ያላለቀ ቀሚሷን አጣጥፋ ለሌላ ልብስ ሰፊ ይዛው ሄደች።

እጁ የተቃጠለው ደግሞ በዚሁ ቀሚስ ምክንያት ነው። ስልኩ የተሰካው ከተዘረጋው ነጭ ጨርቅ አጠገብ ነበር። ማፏጨትና መጨስ ሲጀምር ሌላ ሰው ቢሆን ነፍሴ አውጪኝ ብሎ በበሩ ይሮጥ ነበር። ልብስ ሰፊ ግን የሰው ጨርቅ አደራ ነው ብላ ነው ያደገችው። የሚነደውን ስልክ በባዶ እጇ አፍሳ በመስኮት ወረወረችው። ቀሚሱ ላይ አንዲት ነጥብ ጥላሸት አላረፈችበትም። ሐኪሙ ግን አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ እንደ ድሮው መታጠፋቸውን እንጃ ብሏል።

«ሚጡ፣ ምሳ በልተሻል?» አለች ታላቅየዋ፣ የታሰረ እጇን ትራስ ላይ እንዳስደገፈች።

«አልራበኝም እትዬ።»

«ዛሬም ሰደቡሽ?»

«ዛሬስ አንድ አባባ በድስት ይዘው መጡ።»

«በሰለላቸው ወይ?»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ታናሺቱ ጫማዋን እያየች ሁሉንም ነገረቻት፤ ቪዲዮውን፣ ሕክምናውን፣ የሚቀነሰውን ሠራተኛ። ታላቅየዋ ሳታቋርጥ ሰማቻት።

«ይህቺው ናት? እላለኋ!»

«ውሸት ነው እኮ እትዬ።»

«ውሸት መሆኑንማ አውቃለሁ። የተቃጠለው እጄ ነው እንጂ ጭንቅላቴ አይደለም።»

«ሰው ምን ይልሻል? እስካሁን የሚያዝንልሽ ሁሉ …»

«ማዘኑ ምን አደረገልኝ? ፎቶዬን ተቀባበለ፣ ከንፈር መጠጠ፣ በቃ። አንድ እንኳ መጥቶ ፀጉሬን ያበጠረልኝ አለ?» ድምጿ ሻከረ፤ መልሳ አለዘበችው። «ስሚኝ እስቲ። በእኔ እጅ መብላት ለጊዜው ቀርቷል። የቀረን ያንቺ ሥራ ነው። አንቺ ብትባረሪ ይሄ ቁስል ይሽራል? ይልቅ ሻሼን አስተካክይልኝና ቅረጪኝ።»

ታናሺቱ ሻሿን አሰረችላት።

«እጄ ይታይ አይታይ?»

«አይታይ ብለዋል።»

ታላቅየዋ እጇን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀች። ጀርባዋን ቀና አድርጋ፣ ደንበኛ እንደምታነጋግር ፈገግ ብላ፣ «ጥፋቱ የራሴ ነው» አለች። «ከመንገድ ላይ የገዛሁትን ርካሽ ቻርጀር ነበር የሰካሁት። ስልኩ ምንም አላደረገኝም።»

«የመጨረሻውን ማን በይ አለሽ?»

«አምሮ ይውጣ ብዬ ነው። ጫፉን ሳልቀመቅም ልብስ አስረክቤ አላውቅም።»

ሻጯ ቪዲዮውን የላከችው ከክፍሉ ወጥታ፣ ደረጃው ላይ ቆማ ነው። ከእህቷ ፊት መላኩ አልሆንልሽ አላት።

ሁለት ቀን አልፈጀም። ልብስ ሰፊዋን ያላየ ሰው ጠፋ። የሚያስቅ ሙዚቃ የጨመሩበት ነበሩ፤ አነጋገሯን እየቀዱ የተሳለቁም ነበሩ። «ካሳ ፈልጋ ነው እጇን የጠበሰችው» አለ አንዱ። «መሰካት ያቃታት ሴት ስልክ ምን ሊሠራላት ነው?» አለች ሌላዋ። ትላንት «ኩባንያው ይዘጋ» ሲሉ የነበሩት ዛሬ «ስም ማጥፋት ይብቃ» አሉ። ሁለቱንም ያሉት በዚያው ስልክ ነው። እጅሽ ሲሽር የልጄን ዩኒፎርም ትሰፊልኛለሽ ብላ ጨርቅ ሰጥታት የነበረች ጎረቤት ጨርቋን መልሳ ወሰደች።

የሕክምናው ወጪ እየታየ ነው ተብሏል። ሻጯ ሥራ አስኪያጁን ሁለቴ ጠየቀችው፤ ሁለቴም በትሕትና «እየታየ ነው» አላት።

ታላቅየዋ በጎረቤት ስልክ፣ «ሰው ስቆ ስቆ ይረሳል፤ አንቺ ብቻ ሥራሽን ያዢ» ትላለች። ከዚያ በላይ አትናገርም፤ ለወትሮው ወሬ የማይበቃት ሴት።

ሱቁ ውስጥ ባልዲው ወደ ጓዳ ገባ። በምትኩ የቅናሽ ማስታወቂያ ተሰቀለ፤ የስልኩ ካርቶኖች ከሻጯ ጀርባ እስከ ጣሪያው ተደረደሩ። አጠገቧ የሚሠራው ሻጭ፣ ሁሉም «ጮሌው» የሚሉት፣ ጠዋት ብቻ ስንቱን ሸጦ እያፏጨ ነው።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ሕፃን የታቀፈች ወጣት ሴት እሷ ፊት ቆመች።

«ያንን ስልክ ስጪኝ፣ ቅናሽ የተደረገበትን» አለች። «ቤት ውስጥ ሕፃን አለ ብዬ ፈርቼ ትቼው ነበር። ያቺን ልብስ ሰፊ ሳይ እኮ ሳቄ አላቆም አለ! በእሷ ጅልነት ነው ለካ አገር የታመሰው። አየሻት አይደል?»

«አይቻታለሁ።»

«ማታ ማታ እየሰካሁ ትራሴ ሥር ነው የማደርገው። ይሄን ልጅ ለማጥባት ስነሳ ሰዓት አይበታለሁ። ችግር የለውም አይደል?»

ሕፃኑ ወደ ሻጯ እጁን ዘረጋ። ሻጯ፣ «አልቋል» አለች።

«ምኑ?»

«ስልኩ። አልቋል።»

ሴትየዋ በሻጯ ትከሻ ላይ አሻግራ አየች። «ያ ሁሉ ታዲያ ምንድነው?»

«ባዶ ካርቶን ነው።»

«ኧረ እህት ዓለም፣ ወደዚህ ነይ!» አለ ጮሌው፣ አንድ ካርቶን ከላይ ስቦ እያወረደ። «እሷ ዛሬ አልተመቻትም፤ ተያት። ለልጁ መጫወቻ የሚሆን ሽፋን ሁሉ እመርቅልሻለሁ።»

ሴትየዋ ወደ እሱ ዞረች። ሥራ አስኪያጁ ከመስታወቱ በስተጀርባ ሆኖ ያያል። ሻጯ ዝም ብትል ማንም ምንም አይላትም። ብትናገር ደግሞ ሥራዋ ብቻ አይደለም የሚሄደው። እህቷ ክብሯን ሸጣ የገዛችላት ነገር ሁሉ በአንዴ ከንቱ ይሆናል፤ ጅል የተባለችው ሴት ውሸታም ልትባል ነው። ይቅር እንደማትላት ታውቃለች፤ እትዬ የሠራችው ሲተረተር አትወድም።

ጮሌው ካርቶኑን ከፈተ። ሻጯ ባንኮኒውን ዞራ መጣችና ከእጁ ላይ ወሰደችበት።

«በቪዲዮ ያየሻት ሴት እህቴ ናት» አለች። ጮክ ማለቷ አልነበረም፤ ሱቅ ውስጥ ያለው ሁሉ ግን ዞረ። «የሰካችው ቻርጀር ከእንዲህ ያለ ካርቶን የወጣ ነው። እኔ ነኝ አውጥቼ የሰጠኋት። ያንን ውሸትም ያስባልኳት፣ የቀረጽኳትም እኔ ነኝ። እጇ አይሠራም።»

ወጣቷ ሴት ሕፃኑን ወደ ደረቷ ጠጋ አድርጋ እሷንና ካርቶኑን ተራ በተራ አየች። ከዚያ ወደ ጮሌው ዘወር ብላ፣ «ቅናሹ ለሌላኛው ስልክ አይሠራም?» አለችው።

የቢሮው በር ተከፈተ። ሥራ አስኪያጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ እስቲ ወደዚህ ነይ» አላት። በዚያው ቅጽበት በሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ስልኩን እያወጣ ወደ ፊቷ አነጣጠረ። ከመካከላቸው አንዱ ጎረምሳ፣ እጁን ከፍ እንዳደረገ፣ «እህት፣ አልተቀረጸልኝም» አለ። «ድገሚው።»

ልትሰድበው አፏን ከፈተች። ሥራ አስኪያጁ ክንዷን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ ግን ወደ ጎን ፈቀቅ አለችና ወደ ስልኩ ዞራ ቆመች።

«እህቴ ልብስ ሰፊ ናት» ብላ ከመጀመሪያው ጀመረች።